ሁለቱንም ጎማ በአንድ ቀን

ጎማ ማውለቅ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ጀርባ የቆርቆሮ አጥር አለ። ሁለት ቆርቆሮዎች በሚጋጠሙበት ቦታ ሁለት ጣት የምታሾልክ ክፍተት ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን መሬት ላይ ጥዬ አንድ ዓይኔን እዚያች ክፍተት ላይ እለጥፍ ነበር። በበሩ ብገባ ደስ ባለኝ። ባለ ጋራዡን ግን፣ እኔ በልቤ «ሊቀ ጠበብት» የምለውን፣ አንድ ቀን ደፍሬ ሥራ አስተምረኝ ብለው፣ «እህቴ፣ የሴት እጅ ለዕቃ እጥበት ነው የሚመቸው፤ ባልዲው ያውልሽ» አለኝ። ባልዲውን በእግሬ ገልብጬለት ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት በአንድ ዓይን ነው።

ሞተር ሳይክሏ የወንድሜ ነበረች። እናታችን ከሞተች በኋላ እሱ እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ። በስልክ «ሽጪያት» አለኝ። ቆየና መደወሉንም ተወው፤ እኔም አልሸጥኳትም። ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ድምፅ የምታሰማ እሷ ብቻ ነበረች። በየማለዳው አስነስቼ፣ የትም ሳልሄድ፣ ጭሷ ግቢውን እስኪሞላ ትንሽ አስጮኻት ነበር። የሰፈሩ ሰው በዚህ የተነሣ «ጭስ» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙ ክፉ አይደለም፤ ከእነሱ የተሻለ ነገር መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ዓርብ ዕለት አንድ ላቦራቶሪ ጠራኝ። ከየክሊኒኩ የደም ናሙና እየሰበሰበ የሚያመጣ ሰው ይፈልጋሉ። የክፍሉ ኃላፊ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ የሞተሯን ጎማ አየችና፣ «ይህ ጎማ ነው ወይስ የሕፃን ጉንጭ?» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት በአዲስ ጎማ ይዘሻት ነይ። ካልሆነ ግን አትድከሚ፤ ከኋላሽ ሌላ ሰው አለ።»

ቦታው ሃያ ሁለት ክሊኒክ ነው። ደመወዙን አይደለም ያሰብኩት። በቀን ሃያ ሁለት ሰው «እንደምን አደርሽ» ይለኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የምነግረውም ሰው አልነበረኝም።

እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱን አዳዲስ ጎማዎች አጠገቤ አድርጌ የግቢውን በር ከውስጥ ሸጎርኩ። ስሳሳት የሚያየኝ ሰው አልወድም።

ግቢያችን ጠባብ ነው፤ መሬቱ በሲሚንቶ ንጣፍ የተሸፈነ፣ ጀርባው ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነን ግንብ። ሞተሯን ጅራቷን ወደ ግንቡ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጌ አቆምኳት። መጀመሪያ የሁለቱንም ጎማ ዘንግ ዳዶ መሬት ላይ እንዳለች አላላሁ። ብዙ ጎበዝ ነኝ ባይ ይህን ይረሳል፤ ሞተሩን ካንጠለጠለ በኋላ የጠበቀ ዳዶ ሊፈታ መፍቻ ይዞ ይታገላል፣ ሞተሩም ይወድቅበታል፤ እሰየው። ቀጥዬ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ወደፊት እንዳትንከባለል የፊት ፍሬኑን መያዣ ከመሪው ጋር በአሮጌ ካላማዳርያ የላስቲክ ቁራጭ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። ከዚያ የመሃል ማቆሚያዋን በእግሬ ረግጬ፣ ከኮርቻው ስር ያለውን ብረት በቀኝ እጄ ይዤ፣ በጉልበቴ ሳይሆን በክብደቴ ወጣሁበት። እኔ ሃምሳ ኪሎ አልሞላም፣ እሷ መቶ ሃያ ናት። ቀጥ ብላ ቆመች፤ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ለቀቀ።

የኋላውን አወለቅሁ። አሮጌውን ጎማ ከቸርኬው ፈልቅቄ አዲሱን አስገባሁ፣ ነፋሁት፣ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ጉልበተኛ ነን የሚሉትም ከዚህ ባነሰ አይጨርሱም።

እዚህ ላይ የኋላውን መልሼ ገጥሜ ወደ ፊተኛው ብሄድ ኖሮ የማወራው ነገር አይኖርም ነበር። ልብ ያለው ሰው አንዱን ሳይመልስ ሌላውን አይነካም። ሊቀ ጠበብት ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነበር የሚያወልቀው። ሞተሩ ያለ ጎማ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ልክ አየር ላይ እንደተቀመጠ። ሦስት ዓመት ያየሁት ያንን ነው። እኔም ማየት ፈለግሁ፤ በራሴ ግቢ፣ በራሴ እጅ፣ በሁለት ዓይኔ።

ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛሁትን የመኪና ክሪክ ከሞተሯ ሆድ ስር አስገባሁ። ከላዩ ጣውላ አድርጌ ቀስ እያልኩ አነሣኋት። የፊት ጎማዋ መሬቱን ለቀቀ። ዘንጉን በእንጨት መትቼ አወጣሁትና ጎማው እጄ ላይ ወደቀ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አየኋት። በብረት እግሯና በክሪኩ ላይ፣ ያለ ጎማ፣ እንደ ንግሥት ቆማለች።

«ጎሽ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ። ሌላ የሚለኝ ስላልነበረ ነው።

ያን ጊዜ ክሪኩ የቆመበት ንጣፍ ተንቋቋ። ጠዋት ሞተሯን ሳጥብ ውሃው ከስሩ ገብቶ አፈሩን አላቁጦታል፤ ንጣፉ በአንድ ጎኑ ሰመጠ። ክሪኩ ጋደል አለ፣ ሞተሯም ወደፊት አጎነበሰች። የመሃል ማቆሚያ ወደፊት ከገፉት የሚታጠፍ ነገር ነው፤ ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ አየሁት። ያሰርኩት ፍሬን ምን ያደርጋል? የሚይዘው ጎማ እጄ ላይ ነው። ጎማውን ወርውሬ በግራ ትከሻዬ ከመሪው ስር ገባሁ፤ ሁለት እግሬን ተክዬ ወደ ኋላ ገፋኋት። ቆመች። እኔም አብሬ ቆምኩ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ልለቃት እንደማልችል ገባኝ። ትንሽ ፈቀቅ ባልኩ ቁጥር የብረት እግሯ ይነሣል። ብትወድቅ የፊት ሹካዋ ሲሚንቶ ላይ ያርፋል፣ ሆዷም ክሪኩ ላይ ይቀደዳል። ሰኞ ጠዋት ቀረ ማለት ነው፤ ሃያ ሁለቱም ክሊኒክ።

እንዲህ ታንቄ ሳለሁ ነው የገባኝ። በቆርቆሮው ክፍተት የማየው የሞተሩን ግማሽ ነበር፤ ሁልጊዜ የፊቱን ግማሽ። ጀርባውን የጋራዡ ምሰሶ ይጋርደዋል። ሊቀ ጠበብት ሥራው መሃል ወደ ምሰሶው ዞር ብሎ «ያዝ፣ ያዝ፣ እንዳትለቅ» ይል ነበር። እኔ ብቻውን የሚያወራ መስሎኝ ስንት ቀን ሳቅሁበት። ከምሰሶው ኋላ ለካ ሰው ነበር፤ ጅራቱን ወደ ታች የሚጎትት ሰው። ሦስት ዓመት አጥንቼ የጎደለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስልኬ ቤት ውስጥ ነው፤ እጄ ላይ ቢሆንስ ማን ጋ እደውል ነበር? እዚያው እንደቆምኩ በልቤ ፈለግሁ። ወንድሜ ባሕር ማዶ ነው። ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት አለ፤ ስሜን አያውቅም። ሊቀ ጠበብት መንገዱን ተሻግሮ ለመምጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ እሱን ከምጠራ ግን ሞተሯ እላዬ ላይ ብትወድቅ እመርጣለሁ። እንዲህ ስቆጥር አለቀብኝ። ዝርዝሩ ይህን ያህል አጭር መሆኑን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቅሁም ነበር።

ከግንቡ ማዶ የስፌት መኪና ይሰማል። ጎረቤቴ ልብስና የተማሪ ቦርሳ የምትሰፋ፣ ዕድሜዋ ከእናቴ የሚበልጥ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ናት። እኔ «መርፌ» እላታለሁ። ሁለት ዓመት ተኳርፈናል። ግንቡ ስር የዝናብ ውሃ ከእኔ ግቢ ወደ እሷ የሚያወርድ ቀዳዳ አለ። አንድ ቀን ሞተሯን ሳጥብ ዘይት የተቀላቀለ ውሃ በዚያ ወርዶ፣ ወለል ላይ ያነጠፈችውን የደንበኛ ነጭ ጨርቅ አበላሸባት። ቀዳዳውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቀጠቀችው፤ እኔ በብረት በረበርኩት፤ መልሳ ወተፈችው። እሷ ጮኸች፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዋ «አንቺ አሮጊት» አልኳት። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው በስፌት መኪናና በሞተር ድምፅ ነው።

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም።

«እትዬ» አልኩ። ጎማ ከገዛሁ ወዲህ ከአንዲት «ጎሽ» በቀር ያልሠራ ድምፅ ዝጎ ወጣ። ደገምኩት። «እትዬ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ጎረቤትዎ።»

«ጎረቤት አለኝ እንዴ?»

«ጭስ ነኝ።»

«ጭስማ እትዬ አትልም። ጭስ 'አንቺ አሮጊት' ነው የምትለው።»

«እትዬ፣ እባክዎ ተይዣለሁ።»

«በምን?»

«በሞተር።»

«ከሷ ጋርማ ከተያዛችሁ ስንት ዓመታችሁ» አለች። ድምፄ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሰምታ ይሆናል፤ ወንበሯ ተንቀጫቀጨ፣ ነጠላ ጫማዋ እየተጎተተ ወደ ግንቡ ቀረበ። «ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኳት። ሁለቱም ጎማ እንደወለቀ፣ ትከሻዬ ከመሪው ስር እንደሆነ፣ ብለቃት እንደምትሰበር፣ ነገ ሥራ ልገባ እንደነበረ።

«በሩን ላስከፍትልሽ?»

«ከውስጥ ሸጉሬዋለሁ።»

«ማን ይመጣብኛል ብለሽ?»

ማንም አይመጣም ነበር እኮ።

«ከጋራዡ ልጥራልሽ? ያ ሰውዬ አጥር ይዘላል።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንማ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምኗ ቢያዝ ነው የምትረጋው?»

«ጅራቷ ወደ ኋላና ወደ ታች ቢጎተት። ሰው ቢኖር።»

«ከግንቡ ስንት ይርቃል?»

«አንድ ሜትር። ቢበዛ ሜትር ተኩል።»

«ያዢያት እንግዲህ» አለችና ነጠላ ጫማዋ እየተጎተተ ራቀ።

ጠበቅሁ። ክንዴ ደነዘዘ። ከዚያ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ፤ የስፌት መኪናው እንደገና ጀመረ። ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። የሚገባኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ፤ እኔም ብሆን፣ ለሰደበኝ ሰው ይህንኑ አደርጋለሁ። መኪናው ትንሽ ሮጠ፣ ቆመ፣ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፣ ደግሞ ቆመ። የክር መበጠስ ሰማሁ። እንባዬ መጣ ብል ውሸት አይሆንም፤ ላብ ነው ብል ግን የበለጠ ደስ ይለኛል።

ቀዳዳው ውስጥ የተወተፈው ጨርቅ ወደ እሷ በኩል ተስቦ ወጣ። በቦታው የልብስ ሰፊ የእንጨት ሜትር ብቅ አለ፤ ጫፉ ላይ የቦርሳ ማንገቻ የሚሠራበት ሰፊ የሸራ ጥብጣብ ተጠምጥሞበታል።

«ጫፉ ላይ ቀለበት ሰፍቼበታለሁ» አለች ከመሬት አካባቢ። ተንበርክካለች ማለት ነው፤ በዚያ ጉልበቷ። «ስፌቱ ድርብ ነው፣ መመለሻም አለው። የተማሪ ደብተር ሁሉ የተሸከመ ሸራ ያንቺን ብረት አያቅተውም። ያዢው።»

«እጄ አይደርስም።»

«እግር የለሽም?»

አለኝ። ቀኝ ጫማዬን በግራው ረግጬ አወለቅሁ። ወገቤን አጣምሜ እግሬን ዘረጋሁ፤ አልደረሰም። እሷ ሜትሩን ገፋ አደረገችው፤ እኔ ትንሽ ተንሸራተትኩ፣ የብረት እግሯ ተነሣ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። በጣቶቼ መሃል የሸራውን ጫፍ ቆነጠጥኩት። ስቤ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እስከ ቀኝ እጄ አደረስኩት። ቀለበቱን ከኋላ ያለው ሰው እግሩን በሚያሳርፍበት መርገጫ ላይ አጠለቅሁት።

«ይጎትቱ፣ እትዬ። ቀስ ብለው።»

ሸራው ተወጠረ። የብረት እግሯ ተረከዝ ወረደ፤ መሬት ሲነካ ተሰማኝ። ክብደቷ ከትከሻዬ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀኝ።

«እንዴት አድርገው ነው የያዙት?»

«ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት በመቀመጥ ነው እንጀራዬን የበላሁት፤ በዚህ የሚያህለኝ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ያስራል ያለ ግን አልሰማሁም።»

ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ላቤን ጠርጌ ትንሽ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሰመጠውን ንጣፍ ትቼ ሌላ ቦታ ላይ ሰፊ ጣውላ አነጠፍኩ፤ ክሪኩን እላዩ ላይ አቁሜ ከሞተሯ ሆድ ጋር አገናኘሁት። የፊተኛውን ጎማ ከቸርኬው መፈልቀቅ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች።

«ጎማ እየቀየርኩ።»

«አሮጌው ምን ሆኖ?»

«ተመልጦ።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንቺ ሁለቱም ደርሰውብሻል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም። ብረቱን ቸርኬው ላይ አሳረፍኩና፣ «ያ ነጭ ጨርቅ» አልኩ።

«የቱ?»

«ዘይት የነካው። ዘይቱ የኔ ነበር።»

«ሌላ የማን ሊሆን ኖሯል? ሰማይ ዘይት አይዘንብም።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በመጨረሻ ለራሴ መጋረጃ አደረግሁት። እድፉን በማይታይበት በኩል አዞርኩት።»

«እሁድም ይሰፋሉ?»

«ምን ላድርግ፤ እሁድ ረጅም ነው።»

ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሃያ ሁለት ክሊኒክ ስላት፣ «ሃያ ሁለት ቦታ ስትዞሪ ምላስሽን ሃያ ሁለቴ ልትነክሺ ነው» አለች። ስለ ወንድሜም ጠየቀችኝ። ይደውላል አልኳት። «የስልክሽ ድምፅ ግን እዚህ አይሰማም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም ስለ እሷ ጠየቅሁ፤ አንዲት ልጅ እንዳለቻት፣ ልጅቷ ለራሷ ትላልቅ ልጆች እንዳሏት፣ የሚመጡት ልብስ ሲጠብባቸው እንደሆነ ነገረችኝ። ሞተሬን ጠዋት ጠዋት ሳስነሣ የምትነቃው በዚያ ድምፅ እንደሆነ አወራችኝ። ልትቆጣኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። «አንድ ሰሞን ታመምሽ መሰለኝ፣ አራት ቀን አላስነሣሽም» አለች። ያን ጊዜ እውነትም ታምሜ ነበር። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም ብዬ በሰፈሩ ሰው ቂም ይዤ ነበር፤ የቆጠረ ሰው እንደነበረ አላወቅሁም።

ሸራው በትንፋሿ ልክ ትንሽ ላላ፣ ትንሽ ጠበቅ ይላል። ስትስቅ ይንቀጠቀጣል። የፊተኛውን ጎማ ስነፋ ዓይኔ ወደ ቤቴ መስኮት ሄደ፤ የመስኮቱ ፍርግርግ ከሞተሯ ጅራት ሁለት ሜትር አይርቅም። ሸራውን እዚያ ላይ አስሬ ይችን ጉልበቷ የታመመ ሴትዮ ላሳርፋት እችል ነበር። መናገር ነበረብኝ። ፓምፑን ይዤ መንፋቴን ቀጠልኩ።

የፊተኛውን ገጠምኩ፤ ዘንጉን አስገባሁ፣ ዳዶውን አጠበቅሁ። ክሪኩን አውርጄ ጎማው መሬት እንዲነካ አደረግሁ። የኋላውን አስገባሁ፣ ሰንሰለቱን አጠለቅሁ፣ ልኩን ለካሁ። ፍሬኑን ደጋግሜ ጨበጥኩ። አሁን ራሷን ችላ ቆማለች፤ ማንም ባይይዛት ነቅነቅ አትልም።

ሸራውን ከመርገጫው ላይ ላወልቅ እጄን ሰደድኩ። ድርቅ ብሏል። ሴትየዋ እያወራች ነው፤ አንዲት ደንበኛ ሱሪ አሳጥራ እንደገና ላስረዝም ብላ የመጣችበትን ቀን እያጫወተችኝ ትስቃለች፤ ሸራው ግን አይንቀጠቀጥም። ጎንበስ ብዬ ጉንጬን ንጣፉ ላይ አሳርፌ በቀዳዳው አየሁ። ሸራው ከወገቧ ላይ ከወረደ ቆይቷል። በበረንዳዋ ብረት ላይ ተቋጥሮ፣ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ የተረፈው በወጉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወንበሯ ከብረቱ አጠገብ የለም። እግሮቿን ያየኋቸው እዚህ፣ ከቀዳዳው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ደርባለች።

ከመቼ ጀምሮ እንደታሰረ አላውቅም። ቀና አልኩ።

ጨዋታዋን ጨርሳ ነበር። «ዝም አልሽ» አለች። «አለቀ እንዴ?»

መፍቻዬን አነሣሁ። ጠብቆ ያበቃውን ዳዶ ላይ አስገብቼ፣ ድምፁ ግንቡን እንዲሻገር አድርጌ፣ አዞርኩት።

«ገና ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ትንሽ ይቀረኛል። አይልቀቁ።»

«እኔ የት እሄዳለሁ» አለች።